የግራው ዓምድ

ሰውየው ቀለም ቀቢ ነው። እሱን ብትጠይቁት ግን ከተማዋን ከነሰማይዋ የቀባት እሱ ነው። ሁለት ሰው ወረፋ ይዞ ካየ «እልፍ ሰው ተሰልፏል» ይላል፤ ጣቱን እሾህ ከወጋው «ደሜ እንደ ጎርፍ ወረደ» ይላል። በዚህ የተነሳ የሥራ ባልደረቦቹ «እልፉ» አሉት፤ ስሙም እንደ ዘይት ቀለም ተጣበቀበትና ቀረ። ሚስቱ ሳትቀር «እልፉ፣ ዛሬስ ስንት አንበሳ ገድለህ መጣህ?» እያለች ነው በር የምትከፍትለት።

ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ልቡ ሰፊ ነው፤ አፉ ደግሞ ከልቡ በሦስት ክንድ ይሰፋል።

ልጆቹ አድገው ከቤት ከወጡ በኋላ ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት ባዶ ቢሆንበት፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ጓደኛ የሚልክ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ገባ። የማኅበሩ ሥራ ማስታመም አይደለም፤ ማብሰልም ማጠብም አይደለም። ሄዶ አብሮ መቀመጥ፣ ማውራት፣ ሱቅ ድረስ ጎን ለጎን መራመድ ነው። አረጋዊው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ እጁ እንዲኖር።

ለእልፉ የደረሱት እትዬ ስልከኛ ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ስልክ ማዞሪያ ቤት ተቀምጠው የአገሩን ሰው ድምፅ ሲያገናኙ የኖሩ ሴት ናቸው። ስንቱ ሲጣላ፣ ሲታረቅ፣ ሲለቃቀስ በጆሯቸው አልፏል፤ አንዱንም ለማንም ትንፍሽ አላሉም። እንዲህ ያሉትን ሴት ከእልፉ ጋር ያጣመረ ፈጣሪ ሳይስቅ አልቀረም።

ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለም። ደረጃው አርባ አራት ነው። እልፉ «አራት መቶ» ይለዋል።

«እማማ፣ ተሸክሜ ላውጣዎት?» አላቸው ገና በመጀመሪያው ቀን።

«እማማህ እቤትህ ትኖራለች። እኔን እትዬ በለኝ። ደግሞ አንተ ራስህ እንደ ወናፍ እየነፋህ ማንን ልትሸከም ነው?»

እንዲህ ሆነው ስድስት ወር ዘለቁ። እትዬ በአንድ እጃቸው ምርኩዙን፣ በሌላው የደረጃውን ብረት ይዘው ይወርዳሉ፤ ሱቅ ደርሰው ይመለሳሉ፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። እልፉ ከኋላ ከኋላ እያወራ ይከተላል። ቤት ሲገቡ ሾርባ ያሞቃሉ፤ እሱ ሁለት ሳህን ይጨርሳል። እውነቱን እንናገር ከተባለ በስድስት ወር ውስጥ የሠራው ትልቁ ሥራ አንድ አምፖል መቀየር ነው። እሱንም ወንበሩን ደግፈው የያዙለት እትዬ ናቸው።

ችግሩ ደብተሩ ነው። ማኅበሩ ለእያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ ሰማያዊ ደብተር ይሰጣል፤ በየጊዜውም ሰብስቦ ያየዋል፤ ገጹ ለሁለት የተከፈለ ነው። በግራው ዓምድ አረጋዊው ራሱ ያደረገው ይጻፋል፤ በቀኙ በጎ ፈቃደኛው የረዳው። እልፉ የመጀመሪያውን ሳምንት በሐቅ ሞላና አየው። ግራው ከላይ እስከ ታች ጥቅጥቅ ብሏል፤ ቀኙ «አብሬ ሄድኩ፣ አብሬ ተቀመጥኩ» ብቻ ነው። ለእልፉ ይህ በቁም መቀበር ነው። በዚያ ላይ ማኅበሩ በዓመቱ ጉባኤ ብዙ የረዳውን ሰው አስነስቶ ያስጨበጭባል።

ስለዚህ ከእትዬ ቤት በወጣ ቁጥር ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ እርሳሱን ይስላል። ማንኪያ ከእጃቸው ከወደቀ «ሊወድቁ ሲሉ አየር ላይ ቀለብኳቸው» ይጽፋል። መጥበሻ ላይ ዳቦ ካረረ «ቤቱ በእሳት ሊጋይ ሲል ደርሼ አጠፋሁ» ይላል። ሱቅ ሄደው ከመጡ «አቅም አንሷቸው እስከ ሦስተኛ ፎቅ ተሸክሜ አወጣሁ» ነው። የግራው ዓምድ ከሳምንት ሳምንት እየመነመነ ሄዶ በመጨረሻ ነጭ ሆነ። ማንን ይጎዳል? ለእሱ ወጥ ላይ ጨው እንደ መጨመር ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

አንድ ማክሰኞ እልፉ ሲገባ ቤቱ ሰው አለበት። የማኅበሩ አስተባባሪ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከሌላ ከተማ የመጣው የእትዬ ልጅ፣ የውሃ መሐንዲሱ፣ በመስኮቱ በኩል ቆሟል። በሩ ሥር አዲስ ባዶ ሻንጣ አለ። ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊው ደብተር ተዘርግቷል።

«ወንድሜ፣ እርስዎ ነዎት?» ብሎ ልጁ የእልፉን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። «እርስዎ ባይኖሩ እናቴ ዛሬ በሕይወት አትኖርም ነበር። ምን ብዬ ላመስግንዎት?»

እልፉ ሕይወቱን ሙሉ እንዲህ ያለ ምስጋና ሲጠብቅ ኖሯል። ሲመጣለት ግን እንደ ትኩስ ድንች ሆነበት፤ የሚያስቀምጥበት አጣ።

ነገሩ ቀስ እያለ ተገለጠ። ልጁ የእናቱን ነገር ለማወቅ ማኅበሩን ጠየቀ፤ አስተባባሪዋም በደንቡ መሠረት ደብተሩን አሳየችው። አንብቦ እንቅልፍ አጣ። የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አንድ አልጋ አግኝቷል፤ እስከ ቅዳሜ ካልተያዘ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«እናቴ፣ አምስት ጊዜ ወድቀሻል» አለ። «ሁለት ጊዜ እሳት አስነስተሻል። በየሳምንቱ ስደውል ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ! ልጅሽ አይደለሁም?»

«ማነው የወደቀው?» አሉ እትዬ።

«ተጽፏል እኮ! ከነቀኑ!»

«እስቲ አንብብልኝ።»

አነበበ። እትዬ ማዞሪያ ቤት እንደለመዱት ዓይናቸውን ከድነው አዳመጡ፤ አላቋረጡትም። የመጨረሻው ገጽ ሲያልቅ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«እልፉ፣ መቼ ነው የወደቅኩት?»

የእልፉ ምላስ፣ ያቺ እንደ ፈረስ የምትጋልበው ምላስ፣ ተደናቀፈች። «እትዬ፣ መውደቅ እንኳን አይባልም... ማለቴ ያን ዕለት ማንኪያዋ...»

«የቀለብከው እኔን ነው ማንኪያዋን?»

እልፉ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ።

«ማንኪያዋንም አልቀለብኳት» አለ እልፉ። «እሳትም አልተነሳም። ዳቦ ነው ያረረው፣ ምድጃውን ያጠፉትም እርስዎ ነዎት። ተሸክሜዎትም አላውቅም። ሁሉንም ራስዎ ነው የሚሠሩት። እኔ ሾርባ እየጠጣሁ ሳወራ ነው የኖርኩት።»

ልጁ ወደ እሱ ተራመደ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ የጻፉት ምን ሊያገኙበት ነው?»

«ጭብጨባ» አለ እልፉ።

አስተባባሪዋ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ጋሼ፣ አሁን የትኛውን እንመን? የስድስት ወሩን ጽሑፍ ነው የዛሬውን?»

«አዝኖልሽ ነው እንዲህ የሚለው፣ እናቴ» አለ ልጁ፣ ድምፁ ለስልሶ። «ስታለቅሺ እንዳያይሽ ነው። ይገባኛል።»

ይታያችሁ! ይህ ሰው ለአንበሳው፣ ለጎርፉ፣ ለአራት መቶው ደረጃ አድማጭ አጥቶ አያውቅም። በዕድሜው አንዴ እውነት ቢናገር የሚሰማው ጠፋ። አንዲት ሴት በገዛ አፉ ከገዛ ቤቷ ልትወጣ ነው፤ አፉ ደግሞ መመለሻውን አያውቀውም።

እትዬ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉ። «እኔ እዚህ ተቀምጬ እሱን ምን አስጠየቃችሁ? ነገ በጠዋት ኑ። ዳር ይዛችሁ ቁጭ በሉና እኔን እዩ። እልፉም ይምጣና ይጻፍ።»

«እሱ ደግሞ?» አለ ልጁ።

«እሱ። ያጣመመው እጅ ያቃናው።»

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱም እንደ ፈታኝ ተደርድረው ተቀመጡ፤ የፈራው ግን ፈታኙ ነው። እልፉ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በግራው ዓምድ ጻፈ። አልጋቸውን አነጠፉ፤ ዘጠኝ ደቂቃ። ካልሲያቸውን አጠለቁ፤ ለአንዱ እግር ስድስት ደቂቃ፣ ለሌላው ስምንት። ልጁ «ላግዛት» ብሎ ብድግ ሲል አስተባባሪዋ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው። ሰው እናቱ ካልሲ ስታጠልቅ ስምንት ደቂቃ ሙሉ ተቀምጦ ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ ያየው ያውቀዋል። ልጁ ጣራ ጣራውን ያይ ጀመር።

መድኃኒታቸውን ከነሰዓቱ ዋጡ። ካሮት ላጡ፣ ድንች ከተፉ፣ ምድጃውን ለኩሰው ሾርባውን ጣዱ፤ ሲበስል አጠፉ። አርባ አራቱን ደረጃ ወረዱ፣ ወጡ። እልፉ አርባ አራት ብሎ ጻፈ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥም ጻፈ፤ ወንበር ላይ አርፈው ሩብ ሰዓት ዓይናቸውን ሲጨፍኑም ጻፈ። ስድስት ወር ሙሉ ማክሰኞና ዓርብ ከዚህ ቤት ጠፍቶ አያውቅም፤ ሴትየዋ አንድ ቀን ለማሳለፍ ምን ያህል ጉልበት እንደሚያወጡ ግን ገና ዛሬ አየ። ለካ ስለ ራሱ ሲያወራ እሳቸውን አላየም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እትዬ ወጥ ቤት ገብተው ሳህን አጥበው ተመለሱና ተቀመጡ። ቧንቧው ግን እየፈሰሰ ነበር። ድምፁን ከእሳቸው በስተቀር ሁሉም ሰምቶታል። ልጁ እልፉን አየው። እልፉ ደብተሩን አየ። እርሳሱ አየር ላይ ቆመ። አንዲት መስመር ናት፤ ብትቀር ምን ይጎድላል? ብትጻፍ ሻንጣውን ትሞላዋለች።

አራት ደቂቃ አለፈ። እትዬ ድንገት ቀና አሉ፤ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ፤ ሄደው ዘጉት። ሲመለሱ የእልፉን ጎንበስ ያለ አንገት አዩ።

«ጻፍከው?»

«እትዬ፣ ይቺን እንኳን...»

«ጻፈው።»

«ይጎዳዎታል እኮ።»

«ያልሠራሁትን ጽፈህ ጎዳኸኝ። አሁን ደግሞ የሠራሁትን ሰርዘህ ልትጎዳኝ ነው? ጻፈው አልኩህ!»

ጻፈው። «ቧንቧ ሳይዘጉ ተቀመጡ። ከአራት ደቂቃ በኋላ ማንም ሳይነግራቸው አስታውሰው ዘጉ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አስተባባሪዋ ደብተሩን ተቀብላ አነበበችና ለልጁ ሰጠችው። ልጁ ቆሞ አነበበ። የቧንቧው መስመር ጋ ሲደርስ ጣቱን አሳረፈበት።

«ይሄን ለምን ጻፍከው?» አለ። አንቱታው ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል።

«አይቼው ነዋ።»

ልጁ ደብተሩን ከደነ። ከዚያ እናቱ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለና ግንባሩን ጉልበታቸው ላይ አስደገፈ። «እኔ እኮ ፈርቼ ነው» አለ። እትዬ ጭንቅላቱን ዳበሱት። «አውቃለሁ። እኔም እፈራለሁ። ግን ፍርሃቴን እዚሁ ቤቴ ሆኜ ልፍራው።»

ልጁ እዚያው ተቀምጦ ደወለና አልጋውን ለሌላ ሰው እንዲሰጡት ነገራቸው። ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም። አስተባባሪዋ ውሃውን በራሱ የሚዘጋ ቧንቧ እንዲገባ፣ መታጠቢያ ቤቱም መደገፊያ ብረት እንዲኖረው አዘዘች፤ በየሦስት ወሩ መጥታ እንደምታይ ተናገረች። ቀጥላ ወደ እልፉ ዞረች።

«ጋሼ፣ ማኅበሩ ሌላ ሰው ይመድባል።»

«እሺ» አለ። አንድም ቃል አልጨመረም። ደብተሩን አስረከበ። ከኪሱም የቤቱን ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ለክፉ ቀን ተብሎ የተሰጠው ነው፤ እሱ ግን በስድስት ወር አንድ ቀን አንኳኩቶ አያውቅም፣ እንደ ቤቱ እየከፈተ ነበር የሚገባው። እትዬ ይሟገቱልኛል ብሎ ጠበቀ። አልተሟገቱለትም።

በሩ ላይ ደርሶ ዞረ። «እትዬ፣ ይቅር ይሉኛል?»

«ገና ነኝ» አሉ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ሚስቱ «ምነው አንበሶቹ አለቁብህ?» ብትለው ጫማውን አውልቆ ወደ ውስጥ አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ማንም ሳይልከው ደረጃውን ወጣና በሩን አንኳኳ።

ከውስጥ ወንበር ተገፋ። ምርኩዙ ወለሉን ነካ። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ ከዚያ ዝምታ፤ ደግሞ እርምጃ። እልፉ ከበሩ ውጭ ሆኖ «ይቆዩ፣ ልግፋው» ሊል አፉን ከፈተ። ዋጠው። እጁን ከጀርባው አጣምሮ ቆመ። መቀርቀሪያው አንድ ጊዜ ተንሸራቶ ያዘ፣ ሁለተኛ ተሞከረ፣ በሦስተኛው ተከፈተ።

እትዬ ቁልቁል እስከ ጫማው ድረስ አዩት። «ማን ላከህ?»

«ማንም።»

«ዛሬ አዲሷ ጓደኛዬ ትመጣለች። አንተ እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ና። ለሥራ አይደለም፤ ጠርቼህ ነው።»

«እመጣለሁ።»

በሩን ራሳቸው ዘጉት። እልፉ ባለበት ቆሞ አዳመጠ፤ ምርኩዙ አንድ በአንድ እየራቀ ሄደ፣ መሐል ላይ አረፈ፣ እንደገና ቀጠለ። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማና ደረጃውን ወረደ።