የሸርጣኗ እንቁላል

ታየች ጉለሌ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበረች። ደርግ ጸሎት ቤታቸውን ካሸገ ወዲህ አሥራ አንድ ጴንጤዎች በየእሑዱ እሷ ቤት እየተሰበሰቡ በሹክሹክታ ይዘምራሉ። ለጥንቃቄ በስም አይጠራሩም፤ "ወንድሜ"፣ "እህቴ" ብቻ ነው።

ባሏ ቦጋለ አይዘምርም። "ከነገሩ ጦም እደሩ" ባይ ነው። ግን የክረምቱን ጭቃ የረገጠ ጫማ ደጅ ተከምሮ እንዳያጋልጣቸው፣ በጆንያ ሰብስቦ አልጋ ሥር ይደብቅላቸዋል። ለዚህ ስትል ስንቱን ነገር ይቅር ብላዋለች!

ከዚያ ከዘማሪዎቹ ሁለቱ ተከታትለው ታሰሩ። ከመሃላችን ጠቋሚው ማን ነው? እያለች እንቅልፍ አጣች። በመጨረሻ አዲስ መጤውን ዳኜን ጠረጠረችና "ሁለተኛ እንዳትመጣ" አለችው። ምስኪን፣ እንባው እየወረደ ተረከዙ በሽቦ የታሰረ ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

በዚያው ሰሞን ለትምህርት ቤቱ ከምጽዋ በአልኮል የተነከረች ሸርጣን መጣች፤ ሆዷ ሥር እንቁላል ታቅፋለች። መምህር ጌቱ ከእንቁላሉ ቆንጥሮ ማይክሮስኮፕ ላይ አደረገና "እትዬ ታየች፣ ይዩማ" አላት። ክር የሚያካክሉ ትሎች እንቁላሉ መሃል ተጋድመዋል። ብዙው እንቁላል ባዶ ልጣጭ ነው።

"ኧረ በጌታ! ከየት መጡባት?"

"ድሮም አብረዋት ነበሩ። መተንፈሻዋ ላይ ተለጥፈው ይቆዩና እንቁላል ስትይዝ ወርደው ይበሉታል። እሷንማ ብዙም አይጎዷት፤ ልጆቿን ነው የሚጨርሱት።"

እራት ላይ ለቦጋለ ነገረችው። "አታውቅም ማለት ነው? ሞኝ!" ብሎ ሳቀ።

ማክሰኞ ታየችን እራሷን በባዶ እግሯ ቀበሌ ወሰዷት። መርማሪው ወረቀቱን እያየ "ቢጫ ላስቲክ ጫማ የምታደርገዋ ማን ናት? ተረከዙ በሽቦ የታሰረውስ?" አላት።

መልክ የለ፣ ቁመት የለ፤ ጫማ ብቻ! ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ አሉ። ዳኜን አስባ በኀፍረት ተቃጠለች። ስም ግን አልሰጠችም።

ዓርብ ዕለት "ሂጂ፣ አንቺን ማን ነካሽ" ብለው ለቀቋት። ቦጋለ ጫማዋን ይዞ በር ላይ ቆሟል።

"እሑድ ይመጣሉ አይደል?" አላት።

ጫማውን ሳትቀበለው በባዶ እግሯ ቀጨኔ ወረደች፤ ዳኜን ይቅርታ ልትጠይቅ፣ ተደበቅ ልትለው። እናቱ ደጃፉ ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል።

"ትናንት ወሰዱብኝ፣ ልጄ" አሏት። "እግር እግሩን አይተው ነው የያዙት። ፊቱንማ ቀና ብለውም አላዩት።"