በየሳምንቱ ይታጠብ

ሽማግሌው ስለ ራሱ ሲያወራ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር። ሲርበው «ሽማግሌው ርቦታል» ይላል። ሲደክመው «በሉ፣ ሽማግሌው ይተኛል» ብሎ ይነሣል። ቀልዱን ያመጣችው ሚስቱ ነበረች። ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜው ራሱ ሲመለጥ ጊዜ «ሽማግሌው የት ገባ?» እያለች ትጣራ ጀመር፤ እሱም «ሽማግሌው እዚህ አለ!» እያለ ይመልስላታል። እሷ ስትሞት የሚጣራ ጠፋ፤ መላሹ ግን መመለሱን አልተወም።

የሚኖረው ከሴት ልጁ ጋር ነው። ልጁ አግብታ ፈታ የተመለሰች፣ ሥራ የማይገዳት ሴት ናት። ሁለቱ የሚያስተዳድሩት የእንግዳ ማረፊያ አሮጌ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው፤ ከመቀበያው ጀምሮ አንድ ረጅም ኮሪደር አለው፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለችው ክፍል ደግሞ የሟቿ ናት። እግሯ ደረጃ አልወጣ ሲላት ወደዚያች ክፍል ወረደች፤ በዚያው አልወጣችም። ሽማግሌው የክፍሉን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። ፎጣዋ ከተሰቀለበት ሳይወርድ፣ ሳሙናዋ በማስቀመጫው ላይ ደርቆ፣ ሻወሩም አንድ ጠብታ ሳያወርድ ሦስት ዓመት አለፈ። ልጁ እንግዳ ሲበዛ «ብናከራያትስ?» ብላ ጠይቃው ታውቃለች። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እሷም ተወችው፤ ደግሞስ አባትን በእናት ሐዘን ማን ይሞግታል?

አንድ ጧት ከጤና ቁጥጥር አንድ ቀጭን ሰው ቴርሞሜትር ይዞ መጣ። አዲስ ሕግ ወጥቷል አለ። እንግዳ የሚያሳድር ቤት ሁሉ የውሃ ኃላፊ መሰየም አለበት።

«ኃላፊው ማን ልበል?» ሲል ሽማግሌው ከወንበሩ ሳይነሣ ወደ ልጁ አመለከተ።

«እሷን በል ልጄ። ሽማግሌው ሹመት አይወድም።»

ከዚያን ቀን ወዲያ ስሟ «ሹሜ» ሆነ። ሹሜ ሻይ አምጪ፣ ሹሜ መነጽሬን አየሽው ወይ፤ ሹመቱ ይኸው ነበር።

ተቆጣጣሪው ግን ቀልድ አላመጣም። ሌጂዮኔላ የሚሉት ባክቴሪያ አለ አላት፤ በቆመ ውሃና ለብ ባለ ውሃ ይራባል። ሰውን የሚጎዳው ተጠጥቶ ሳይሆን ከሻወር እንደ ጉም ተረጭቶ ሳንባ ሲገባ ነው፣ ይልቁንም የሽማግሌ ሳንባ። ስለዚህ ሕጉ ማሞቂያው ስልሳ ዲግሪ ይሁን ይላል፤ ሙቀቱም ከማሞቂያው በጣም የራቀው ቧንቧ ላይ ይለካ። እንዲህ እያለ ኮሪደሩን ጨርሶ የተቆለፈው በር ላይ ቆመ።

«ይሄስ?»

«እሱ አይከፈትም። የእናቴ ነው።»

ሰውየው በሩን አየ፣ እሷን አየ። «እንግዲያው መስመሩ ወይ ይቆረጥ፣ ወይ በየሳምንቱ ይታጠብ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሲያጥቡትም የሻወሩን ወንፊት ይፍቱ፣ ቱቦውን ባልዲ ውስጥ ይንከሩት፤ ውሃው እንዳይረጭ በቀስታ ይክፈቱና ወጥተው በሩን ይዝጉ። ለመጀመሪያው ጊዜ ደግሞ ባለሙያ ያስጠሩ።»

ሁሉም ገብቷታል። በኋላ እንደ እሳት የሚያንገበግባት ይኸው ነው፤ አንዲት ቃል እንኳ አላመለጠቻትም ነበር።

ተቆጣጣሪው እንደ ሄደ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ነገሩን በየት በኩል እንደምትጀምረው ጨንቋት ነበርና፣ ሕጉ ይናገርልኝ ብላ የተሰጣትን ወረቀት አነሣች።

«አባዬ፣ የእማዬ ክፍል ቧንቧ ይቆረጥ ይላል።»

የሽማግሌው ፊት አመድ መሰለ። «የእሷን? ምን አድርጋ?»

«ቆይ፣ ሌላም መንገድ አለው። ስማ፦ ‹ሰው የማይገለገልበት ሻወር ካለ፣ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ይታጠብ።›»

«ይታጠብ ነው የሚለው?»

«ይታጠብ።»

«ከታጠበ አይቆርጡትም?»

«ከታጠበማ ምን ብለው?»

ሽማግሌው መላጣውን አሻሸ። ከዚያ «ይታጠብ ካለ ይታጠባላ!» አለ። «ሕግ አይደል?»

«እኔ ገብቼ...»

«አንቺ አትገቢም። ማንም አይገባም። ሽማግሌው ራሱ ይገባል።»

«እሺ፣ ግን አባዬ፣ መጀመሪያ ወንፊቱን...»

«ኧረ ሹሜ! ሻወር አከፋፈት ልታስተምሪኝ ነው? አንቺን በሳፋ ያጠብኩሽ እኔ!»

ሳቀች። በዚያው የመቀበያው ደወል ጮኸ፤ ሁለት እንግዶች ከነሻንጣቸው ቆመዋል። ተነሥታ ሄደች፣ የወንፊቱም ነገር በዚያው ቀረ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የሽማግሌው ራስ የተመለጠው ድሮ ነው፤ የልጁ አፍ ያመለጣት ያን ዕለት ነው።

ቅዳሜ ጧት የዚያች ክፍል ቁልፍ ሲዞር ልጁ አንሶላ ታቅፋ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። በሩ ተዘጋ። ቧንቧው አጉረመረመ፣ አሳለው፣ ከዚያ ውሃው ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ከውሃው ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ ሰማች። አባቷ ያንጎራጉራል! ሦስት ዓመት ሙሉ ከጉሮሮው ዜማ ወጥቶ አያውቅም። አንሶላውን አፏ ላይ ይዛ ቆማ አለቀሰች፤ ሕግ ያወጣውን ሰው ሁሉ መረቀች።

ሲወጣ ፊቱ ወዝ ጠግቦ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ የእናቷን ሳሙና ይሸት ነበር። ከክፍሉ ይዞት የወጣ ሽታ መሰላት። አልቅሷል ብላ፣ እንዳታሳፍረው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መላጣ ራስ ደግሞ ታጥቦ ይሁን ላብ አልቦት አይለይም። ትንሽ ትኩር ብላ ብታየው ኖሮ! ግን ማን ነው የገዛ አባቱ ሲያለቅስ ትኩር ብሎ የሚያይ?

በየቅዳሜው እንዲሁ ሆነ። ሽማግሌው ታደሰ። ጺሙን ይላጭ ጀመር፣ እንግዶቹን ይተርብ ጀመር፣ አንድ ቀንም ከጓሮ ሆኖ «ሽማግሌው የት ገባ?» ብሎ ራሱ ተጣርቶ ራሱ መለሰ። ልጁ ወደ ውስጥ ገብታ የዚያን ቧንቧ ሙቀት መለካት ነበረባት፤ ከሁሉ የራቀው እሱ ነውና ሕጉም የሚለው እሱን ነው። ቁልፉን መጠየቅ ግን ደስታውን መንጠቅ መሰላት። ቅርብ ቅርቡን እየለካች «ስልሳ ነው፣ ይበቃል» አለች። የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ውሃ ለብ ያለ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል የምንሰማው ስለ ወንዝ ይመስለናል።

ሳል ጀመረው። ጉንፋን ነው አሉ። ትኩሳቱ ጨመረ፣ ትንፋሹ አጠረ፣ ቀኑን ሙሉ ይቀባጥር ጀመር። ሆስፒታል ስታደርሰው ኦክስጅን አጠለቁለትና ልጁን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ደረቱን ራጅ አነሡት። ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ መጣች። ከሻወር የሚነሣው ባክቴሪያ ነው አለች።

«የት ነው የሚታጠቡት?»

«ፎቅ ላይ። እሱን በየጊዜው እለካዋለሁ።»

«ሌላ ሻወርስ አለ?»

«አንድ አለ። ግን እሱ ራሱ ነው የሚታጠበው፣ ቧንቧው ማለቴ ነው። ሰው አይታጠብበትም።»

ሽማግሌው እጁን አነሣ። ጭምብሉን ከአፉ ገለል አደረገና ጥፋት እንደሚያርም ሰው ፈገግ አለ።

«እንዴ! ሽማግሌው በየቅዳሜው ታጥቧል እንጂ። ባልሽው መሠረት። አንዲት ቅዳሜ አላሳለፈም፣ ንገሪያት።»

ሐኪሟ ልጁን አየቻት። ልጁ ይታጠብ ያለችው ቧንቧውን ነበር፤ ይታጠብ ብሎ የሰማው ራሱን ነው። ያን ሁሉ ቅዳሜ በሚስቱ ሻወር ሥር፣ በሚስቱ ሳሙና፣ በሩን ዘግቶ በዚያ ጉም መሐል እያንጎራጎረ ሲተነፍስ፣ እሷ ውጭ ቆማ ትመርቅ ነበር።

መድኃኒቱ ተጀመረ። ሐኪሟ ዘግይቷል አላለችም፤ «እንሞክራለን» ነው ያለችው፣ ያም ያው ነው። ልጁ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣ እግሩን ከማሸት በቀር የምትሠራው አልነበረም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ልትነግረው አስባ ነበር፤ ግን ምን ብላ? ያ ደስታህ ነው የገደለህ ትበለው? አንጀቷ አልቆርጥ አላት።

በማግስቱ ልብስ ልታመጣ ቤት ሄዳ ነበር። ሐኪሟ ለጤና ቁጥጥር አሳውቃ ኖሮ፣ ተቆጣጣሪው ከሠራተኛ ጋር ቆሟል፤ የዚያች ክፍል በር ቁልፉ ተሰብሮ ወለል ብሎ ተከፍቶ ቧንቧው ተቆርጧል፣ ጫፉም በብረት ክዳን ታሽጓል።

«ነግሬዎት ነበር እኮ» አለ፣ ለቁጣ ሳይሆን ምን እንደሚል ጠፍቶት።

«ነግረውኛል» አለችው። የእናቷን ፎጣና የሳሙናዋን ቁራጭ በላስቲክ አድርጋ ይዛ ወጣች።

ቅዳሜ ደረሰ። ሽማግሌው ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የጠየቀው ቀኑን ነው።

«ቅዳሜ ነው፣ አባዬ።»

«ታዲያ ማን ታጠበ? እንዳይቆርጧት!»

«እኔ ታጠብኩ።»

«በሳሙናዋ?»

እጇን አፍንጫው ላይ አደረገችለት። ላስቲኩ ውስጥ ያለውን ቁራጭ ስትነካካ ነበርና ሽታው መዳፏ ላይ አለ። ጭምብሉን ወደ ታች ስቦ አሸተተና ዓይኑን ጨፈነ።

«ደግ አደረግሽ፣ ሹሜ። በይ፣ አሁን ሽማግሌው ይተኛል።»

ተኛ። እኩለ ቀን ላይ የማሽኑ ድምፅ ተለወጠ፣ ሰዎች ሮጠው ገቡ፣ እሷን አስወጧት። ቆይተው ሲጠሯት ጭምብሉ ወልቆ መጋረጃው ተጋርዶ ነበር። አባዬ አባዬ ብላ ተጣራች። «እዚህ አለ» የሚል ጠፋ።

ከመጋረጃው ወዲያ ባለ ጎማ አልጋ እየገፋ አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ መጣ። እስክትረጋጋ ጠብቆ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለላት።

«እግዜር ያጽናሽ እህቴ። አስከሬኑ እዚሁ ይታጠብ?»

ቀና ብላ አየችው።

«ምን አልከኝ?»

«እዚሁ ይታጠብ ወይ ነው የምልሽ።»

ሰውየው ይጠብቃታል። ላስቲኩን ፈትታ የሳሙናዋን ቁራጭ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ውሃው ሙቅ ነው?» ስትል ጠየቀችው።

ሰውየው ግራ ገብቶት ሳሙናውን አየ፣ እሷን አየ።

«ለብ ያለ ነው» አላት።