ባለ አረንጓዴ ክሩ ወንበር

ከሁሉ አስቀድማችሁ እኔን ውቀሱኝ። ዳይሬክተሩንም መውቀስ ትችላላችሁ፤ አዲስ አበባን መውቀስ የሚቀናችሁም ካላችሁ አልከለክልም። ያንን ሪፖርት በጽሕፈት መኪና የመታሁት ግን እኔ ርግበ ነኝ፤ ያውም አንዲት ፊደል ሳልስት።

ዘመኑ 1961 ነው። አስመራ ውስጥ፣ ፓራዲዞ ዳር ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ትምህርት ቤቱ አሥራ ሁለት ክፍሎች ነበሩት፤ ዴስክ የነበረው ግን በሦስቱ ብቻ ነው። በቀሩት ዘጠኙ የሚማር ልጅ መቀመጫውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ጠዋት ጠዋት ከሰፈሬ ከሓዝሓዝ ተሳፍሬ ፌርማታው ላይ ስወርድ፣ በዓዲ ጓዕዳድ በኩል የሚመጡት ልጆች በርጩማቸውን አናታቸው ላይ ደፍተው፣ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ሲመጡ አያለሁ። በርጩማውን እኛ በትግርኛ ዱካ እንለዋለን። ዝናብ ሲጥል ባርኔጣም ይሆናቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን ባየኋቸው ቁጥር አንጀቴን ይበሉኝ ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት ግን ማየቱንም ተውኩት።

ዴስክ እንዲሰጠን በየዓመቱ እንጽፋለን፤ በየዓመቱም በጀት ሲፈቀድ ይታሰብበታል የሚል መልስ ይመጣል። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ግን ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ደረሰን። ሁለት መቶ ዴስክ ተመድቦልናል፤ ከመላኩ በፊት ግን አንድ ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ መጥቶ ችግራችንን በዓይኑ ማየት አለበት። ደብዳቤውን ይዤ ወደ ዳይሬክተሩ ክፍል የገባሁት በሩጫ ነው።

ዳይሬክተሩ አቶ ሃብተማርያም ደግ ሰው ነበሩ፤ ደግሞም ኩሩ። ከረባታቸው ካልተስተካከለ ስልክ እንኳ አያነሱም። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

"እንግዳ ሊመጣብን ነው በይኛ፣ ርግበ ጓለይ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

"እወ፤ ችግራችንን ሊያይ ነው የሚመጣው።"

"ችግር ለእንግዳ ይታያል? መሬት ለመሬት የተኮለኮሉ ልጆች አሳይተን፣ በምን ዓይናችን ሻሂ እንጋብዘዋለን?"

እሑድ ወላጆች ተሰበሰቡ። እንደዚያ ያለ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ "ሰውዬው ሊያይ ነው የሚመጣው፤ እንዳለንበት ይየን" ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። የተነሡት ቡና ቤት ያላቸው የወላጆች ሊቀ መንበር አቶ አስገዶም ናቸው፤ "የቤቴን ወንበር አንድ ሳላስቀር እሰጣለሁ!" አሉ። ተጨበጨበ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ያለውን መናገር ጀመረ፤ አንዱ አራት፣ አንዱ ሁለት፣ የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ የሚያስመጣም ተገኘ። በእኛ ዘንድ ሰርግም ሆነ ሐዘን ሲመጣ ሰፈሩ ወንበሩን ያዋሳል፤ እንግዳ በባዶ ቤት አይቀበሉም። እናም እንግዳው ለምን እንደሚመጣ ረስተን እንዴት እንደምንቀበለው ስንመክር ዋልን። እኔም አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ እንዲያውም ሥራ ተሰጠኝና ደስ አለኝ።

ሥራው የክር ሥራ ነው። የተዋሰ ወንበር ከወንበር እንዳይምታታ ከእግሩ በላይ፣ ከመቀመጫው ሥር ክር ይታሰርበታል፤ ለየቤቱ የየራሱ ቀለም። በሰፈሬ ሰርግ ሲኖር ክር አሳሪዋ እኔ ነበርኩ፤ እናቴ "ባል ያጣሽው የሰው ወንበር ሥር ተደፍተሽ ነው" እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ያን ሳምንት ከአራት መቶ የማያንስ መቀመጫ ሥር ተደፋሁ። ለአቶ አስገዶም ቀይ ክር፣ ለሌላው ቢጫ፣ ለሌላው ሰማያዊ፤ ሁሉንም በአንድ ደብተር መዘገብኩ።

በመጨረሻ አበበች መጣች። የአዝራር ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ባሏ አናጢ ነበር፣ ሞቷል። በጀርባዋ ያዘለችው ባሏ በገዛ እጁ የሠራው ባለ መደገፊያ ወንበር ነው፤ መደገፊያው ላይ የወይን ሐረግ ተቀርጾበታል። በቤቷ ሌላ ወንበር የላትም።

"ለትልቁ እንግዳ ይሁን፣ ርግበ ሓፍተይ፣ እህቴ" አለችኝ።

አረንጓዴ ክር አሰርኩለትና ዳይሬክተሩ ክፍል አስገባሁት። በርጩማዎቹን ሁሉ ሰብስበን ዕቃ ቤት ቆለፍንባቸው።

ተቆጣጣሪው አቶ አስፋው ይባላል፤ ወጣት፣ ጨዋ፣ ድምፁ ለስላሳ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ታሪኩን መናገር ይቀለኝ ነበር። ክፍሎቹን አንድ በአንድ ዞረ፤ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ቆመና ተማሪዎቹን "ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትቀመጡት?" ብሎ ጠየቀ። የክፍሉ አለቃ ጽገ ነበረች፣ የአበበች ልጅ፤ መመለስ የእሷ ድርሻ ነው። ተነሥታ ዳይሬክተሩን አየች። ከዚያም ነጠላቸውን ለብሰው በሩ ላይ ከቆሙት ወላጆች መካከል እናቷን ፈለገች። አበበች በአገጯ ምልክት ሰጠቻት።

"አዎ፣ ጌታዬ" አለች ጽገ።

አቶ አስፋው ሪፖርቱን ያጻፈኝ ዳይሬክተሩ ክፍል፣ የአበበች ወንበር ላይ ተደግፎ ነው። ትምህርት ቤቱ በሕዝቡ ትጋት በቂ መቀመጫ ያለው ሆኖ ስለተገኘ፣ የታሰበለት ሁለት መቶ ዴስክ የባሰ ችግር ላለበት ሌላ ትምህርት ቤት እንዲሰጥ አለ። "ሌላ" የሚለው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። አቶ ሃብተማርያምን አየኋቸው፤ እሳቸው መስኮቱን ያያሉ። አቶ አስፋው መቆሜን አይቶ ፈገግ አለና "አማርኛሽ በጣም ጥሩ ነው፤ እውነቴን ነው፣ እዚህ አልጠበቅሁም ነበር" አለኝ። ደስ አለኝ፤ ምን ልበላችሁ! አንገቴን ሰበር አድርጌ የቀረውን እስከ ነጥቡ ጨረስኩለት። ያቺን ደስታዬን ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።

ወንበሮቹ በማግስቱ በየክራቸው ወደየቤታቸው ተመለሱ። አንዱ ብቻ ቀረ። ባለ አረንጓዴ ክሩን ልወስድ ስል አቶ ሃብተማርያም "ትንሽ ይቆይ፤ ለወገቤ ተስማምቶኛል" አሉኝ። አበበች አልጠየቀችም። ለእንግዳ ያቀረቡትን መልሱልኝ ማለት ነውር ነው፤ እኔም ነገ ከነገ ወዲያ እያልኩ ሳምንታት አለፉ።

ጥር ላይ ደብዳቤው መጣ። ዴስኩ ለሌላ ተሰጥቷል። ያን ቀን ጽገ ጠመኔ ልትወስድ ቢሮዬ ገባች።

"እተየ ርግበ፣ ዴስኩ መቼ ነው የሚመጣ?"

አላውቅም ብላት ትሄድ ነበር። ደብዳቤውን አውጥቼ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፤ እንደገናም አነበበችው።

"አዎ ያልኩት እኔ ነኝ" አለች።

"አንቺ አይደለሽም።"

"ታዲያ ማን ነው?"

ጠመኔዋን ቆጥሬ ሰጠኋት።

በማግስቱ ደወል ተደወለ፤ የገባ ተማሪ የለም። ጽገ በርጩማዋን አናቷ ላይ ደፍታ ከበሩ ውጭ ቆማለች፤ ከኋላዋ አራት መቶ ያህል ልጆች፣ ሁሉም በርጩማቸውን ተሸክመዋል። ድንጋይ አልያዙም፤ መፈክርም አልጮኹም። ከተማውን አቋርጠው ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ፤ ግቢው ውስጥ በረድፍ ተቀምጠው ደብተራቸውን ከፈቱና ሒሳብ መሥራት ጀመሩ። ፖሊስ በትልቅ መኪና ደረሰ። አዛዡ በረድፎቹ መሐል እንደ ፈታኝ ሲመላለስ ቆየ፤ በመጨረሻ "ተነሡ!" ሲል አንዲት ትንሽ ልጅ "ክፍል ላይ ነን" አለችው አሉ። እኩለ ቀን ላይ ራሳቸው ተነሥተው፣ በርጩማቸውን ደፍተው ተመለሱ።

በሳምንቱ አቶ አስፋው ተመልሶ መጣ፤ አሁን በመርማሪነት ነው። ተማሪዎቹን በሐሰት ያነሣሣው ተለይቶ ይባረር ተብሏል። ስሙ የተነሣው የጽገ ነው። ከተባረረች የስምንተኛ ክፍል ፈተና ይቀርባታል፤ ፈተናው ከቀረ ደግሞ የሚጠብቃት እናቷ ዓይኗን ያደከመችበት የአዝራር ፋብሪካ ነው።

ምርመራው የተደረገው ዳይሬክተሩ ክፍል ነው። አቶ አስፋው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል፤ አቶ ሃብተማርያምና አቶ አስገዶም በጎን በኩል አግዳሚ ላይ ናቸው፤ እኔ ቃሉን ለመጻፍ የጽሕፈት መኪናዬ ፊት ነኝ። ጽገ በቀጥታ ከክፍል ስለተጠራች በርጩማዋን ይዛ መጥታ እግሯ ሥር አስቀምጣለች።

"መቀመጫ የለም ብለሽ ተማሪውን አስወጥተሻል" አላት። "እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞ አንቺው ራስሽ አዎ ብለሽኛል። የትኛው ነው ውሸቱ?"

"የያኔው ነው፣ ጌታዬ።"

"ማን ዋሺ አለሽ?"

ጽገ ዓይኗን በርጩማዋ ላይ ተከለች።

"ደብዳቤውንስ ማን አሳየሽ?"

እኔ መኪናው ላይ እጄን እንደዘረጋሁ ደረቅሁ። ጽገ ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። "አልናገርም" አለች።

"እንግዲያው ራስሽ በራስሽ ላይ ፈረድሽ" አለና ወደ እኔ ዞረ። "ጻፊ፣ ወይዘሪት። ተማሪዋ ጥፋቷን..."

አልጻፍኩም። ንዴቴ መጣ፤ በእሱ ሳይሆን በራሴ። አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ እኛን ሁሉ አዝላ ቆማለች፤ ሦስታችን ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ጫማችንን እናያለን። ከመኪናዬ ሥር ካለው መሳቢያ የክሩን ደብተር አወጣሁና ተነሣሁ።

"አቶ አስፋው፣ ይቅርታ፣ ከወንበሩ ይነሡልኝ።"

"ምን?"

"ይነሡልኝ።"

ግራ ገብቶት ተነሣ። ወንበሩን ገለበጥኩት። አረንጓዴው ክር እንዳሰርኩት አለ፤ አቧራ ለብሷል። ደብተሩን ከፍቼ አነበብኩለት፤ "አረንጓዴ፣ አንድ ወንበር፣ የወይዘሮ አበበች፣ የጽገ እናት።" ከዚያ ቀዩን፣ ቢጫውን፣ ሰማያዊውን፣ ገጹን ሁሉ አነበብኩለት። "ያን ቀን ያዩት ሁሉ የተዋስነው ነው። ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሪፖርትዎን ስመታ ሐሰት መሆኑን አውቅ ነበር። ደብዳቤውንም ያሳየኋት እኔ ነኝ።"

አቶ አስፋው የተገለበጠውን ወንበር ያያል። እንደገና ሊቀመጥበት አልቻለም፤ እንደቆመ ቀረ። በዚህ ጊዜ ጽገ ጎንበስ ብላ በርጩማዋን በሁለት እጇ ወደ እሱ አስጠጋችለት።

"ይቀመጡ፣ ጌታዬ።"

ተቀመጠ። ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደረሰ። ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሊጽፍ ሞከረ፤ ተንሸራተተበት፤ እንደገና ሞከረ። ልጆቹ በየቀኑ ሲታገሉት የኖሩትን ነገር አምስት ደቂቃ ታገለው። ከዚያ አንገቱን ሳያቀና "እና ማን ብዬ ነው የምጽፈው? ማን ነው ያዘዘው?" አለ።

አቶ ሃብተማርያም ከረባታቸውን አስተካከሉ። "እኔ ነኝ" አሉ። "ሃብተማርያም ብለህ ጻፍ።"

ጽገ ሁለት ሳምንት ታገደች፤ ፈተናዋ ግን ተረፈላት። አቶ ሃብተማርያም በዚያው ዓመት ወደ ቆላ ተዛወሩ፤ ስንሰነባበት "መቼም ወገቤን የሚያሳርፍ ወንበር እዚያ አላገኝ" ብለው ሳቁ፤ እኔ አለቀስኩ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ እሱንም በጽሕፈት መኪና የመታሁት ራሴው ነኝ። ዴስክ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ስድሳ ብቻ። በርጩማው ቀጠለ።

ምርመራው በተደረገበት ቀን ከሰዓት በኋላ ግን እኔና በርጩማዋን አናቷ ላይ የደፋችው ጽገ ወንበሩን ወዲህና ወዲያ ይዘን እናቷ ቤት ወሰድነው። አበበች ከፋብሪካ ገና መግባቷ ነበር፤ በሩ ላይ ስታየን ደነገጠች።

"ምነው አመጣችሁት? እንግዳው ሄደ?"

"ሄደ" አልኳት።

ወንበሩን ተቀብላ ቤቱ መሐል አስቀመጠችው፤ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችና ወደ እኔ አዞረችው።

"እንግዲያስ ተቀመጪ፣ ርግበ ሓፍተይ።"

"ኣይፋል፤ ጽገ ትቀመጥበት። ፈተና አለባት፤ ታጥናበት።"

"እንግዳ ቆሞ ልጅ ወንበር ላይ? ነውር ነው!"

"እንግዳ አይደለሁም!" ብዬ ጮኽኩባት። በሕይወቴ ሰው ቤት ገብቼ ጮኼ አላውቅም።

አበበች በርጩማውን ከጽገ እጅ ተቀብላ ለእኔ አስጠጋችልኝ። ጽገ እናቷን አየች፤ አበበች በአገጯ ምልክት ሰጠቻት። ልጅቷ አባቷ የሠራው ወንበር ላይ ወጥታ ተቀመጠችና ደብተሯን ከፈተች።