ለሰው ቤት የሚሆን ካርድ

ሰሚራ ሰንጋ ተራ ውስጥ የቤት ኮምፒውተር እየገጣጠመ በሚሸጥ አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ዕቃ መራጭ ናት። ከምትመርጠው ሁሉ የሚያስጨንቃት ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ነው። ሌላው ዕቃ ቢደክም ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል እንጂ አያሳፍርም። ስክሪኑ የጠቆረበት ሰው ግን ተታለልኩ ነው የሚለው።

ለአዲሱ ሞዴል ሁለት ካርዶች ቀርበው ነበር። አንደኛው ባለ ሁለት ማራገቢያ፣ ካርቶኑ ላይ "8 ጊጋ" ተብሎ በደማቁ የተጻፈበት ነው። ሌላው የዚያን ግማሽ ሚሞሪ ይዞ፣ ብዙ ኃይል ሳይፈልግ የሚሠራ ትንሽ ካርድ ነው። ሰሚራ ትልቁን መረጠች። የድርጅቱ ባለቤት ጋሽ ደገፋም ደስ አላቸው።

"ሰው መቼ ካርድ ይገዛል፤ ቁጥር ነው የሚገዛው" አሉ። ከዚያ ግን ቀና ብለው "እርግጠኛ ነሽ?" ሲሏት፣ "እርግጠኛ ነኝ" አለቻቸው።

ትልቁ ካርድ ጠንካራ ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍል ሳጥን፣ ይፈልጋል። ጠንካራው ዋጋውን ስለሚሰቅለው ለካርዱ ልክ የሚበቃ ብቻ ተገጠመለት። ቢሮ ውስጥ፣ የመብራቱን መዋዠቅ በሚያስተካክል ስታቢላይዘር ላይ፣ ሳምንቱን ሙሉ እንከን አልወጣለትም። ካርዱን የሚያቀርብላቸው አስመጪ ማክሰኞ የመጨረሻ ቃላቸውን ይጠብቃል።

ሰኞ ጠዋት ዕፀገነት ደወለች። የሰሚራ አብሮ አደግ ናት፤ ጌጃ ሰፈር በተከራየችው ክፍል የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ታደርጋለች። የአዲሱን ሞዴል ናሙና እንድትሞክረው የሰጠቻት ሰሚራ ነበረች።

"ሰሚ፣ ይሄ ኮምፒውተር ድርግም አለብኝ።"

"መብራት ሄዶ ይሆናላ?"

"አምፖሉማ እንደበራ ነው።"

ሰሚራ ትንሹን ካርድ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ተነሣች። መንገዱን ሙሉ ገመዱ ላልቶ ይሆናል፣ አቧራ ይሆናል እያለች ራሷን ስታጽናና ሄደች። ደርሳ ገመዱን ሁሉ ነቅላ ሰካች፤ ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ ሙሽሮቹ ስክሪኑ ላይ መጨፈር ጀመሩ። እፎይ ልትል ስትል ከግድግዳው ወዲያ ያለው ብየዳ ቤት ሥራውን ጀመረ። ብየዳው ኃይሉን ሲሻማው አምፖሉ ደብዘዝ አለ፤ ኮምፒውተሩ ግን ጭራሽ ጠፋ።

"የሠራሁት ሁሉ ሄደ" አለች ዕፀገነት፣ ፊቷን በእጇ ሸፍና።

ሰሚራ የኮምፒውተሩን ክዳን ፈታች። ከቦርሳዋ ትንሹን ካርድ አውጥታ በትልቁ ቦታ ገጠመችው። ብየዳው እንደገና ጀመረ፣ አቆመ፣ ጀመረ። አምፖሉ በየጊዜው ደበዘዘ። ኮምፒውተሩ ግን አልጠፋም።

"ይዘገያል አይደል?"

"ይዘገያል። ግን ልፋቴን አይበላብኝም።"

ማክሰኞ ጋሽ ደገፋ ፊት ቆመች። የሆነውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ጋሽ ደገፋ ቀና አሉ።

"እርግጠኛ ነኝ ብለሽኝ ነበር።"

"ብዬዎት ነበር። የሞከርኩት ግን እዚህ ነው፤ ሰው ቤት አልነበረም።"

"ጠንካራ ፓወር ሰፕላይ ብንጨምርበትስ?"

"ያኔ ዋጋው ተሰቅሎ ቤተሰብ የሚገዛው ኮምፒውተር መሆኑ ይቀራል፣ ጋሽ ደገፋ።"

"በትንሹ ካርድ ደግሞ ገበያተኛው ጎረቤት ሱቅ ይገባል።"

"የሚገባ አይጠፋም" አለች።

ጋሽ ደገፋ ስልካቸውን አነሡ። አስመጪው ትንሹ ካርድ እጁ ላይ እንደሌለ፣ ዘግይቶ እንደሚመጣ ነገራቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው "ይሁን" አሉ።

የአዲስ ዓመት ገበያ አመለጣቸው። ኮምፒውተሮቹ በጥቅምት ሲመጡ ብዙ ሰው ካርቶኑን አገላብጦ፣ "አራት ብቻ?" ብሎ ሄደ። ሰሚራ ከሳች። ደንበኛ ባዶ እጁን በወጣ ቁጥር በእሷ ምክንያት የሄደ ይመስላታል። ሽያጩ እየተንፏቀቀም ቢሆን ቀጠለ፤ ጠፋብኝ ብሎ የመለሰም እስካሁን የለም።

ባለፈው ሳምንት የሚቀጥለው ሞዴል ናሙናዎች መጡ። ጋሽ ደገፋ አንዱን ራሳቸው ተሸክመው ሊሞክሩት ልደታ ማርያም አጠገብ ወዳለው ቤታቸው ወሰዱት። ሰሚራም ሌላውን ይዛ ወደ ዕፀገነት አመራች። ምን እንደምትላት ግን እየፈራች ነበር።