የዳንግላው አበዳሪ

በሰፈሩ አቶ መሳፍንትን የማይረግም ሰው አልነበረም። ዳንግላ ተቀምጦ፣ አበረን የመሰለ ደግ ሰው በዕዳ አንቆ የያዘ ጨካኝ አበዳሪ ነው ይሉታል። ጥርሱ ወርቅ ነው። ሽማግሌ አይሰማም፣ ቄስ አይፈራም። ይህ ሁሉ ክፋት ያለው ሰው አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል፤ በዳንግላም በሌላም አገር የለም።

የፈጠረችው ሸጋ የምትባለው የአበረ ሚስት ናት። የፈጠረችውም ቸግሯት ነው።

አበረ «እሺ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የማያውቅ ሰው ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይላል። «በአንተ እሺ ስንት ሺህ አለቀ!» ትለዋለች ሸጋ። የአጎቱ ልጅ ፀጋው ባጃጅ ሊገዛ ሲበደር አበረ ዋስ ሆነው። ፀጋው ባጃጁን ገደል ከትቶ እሱ ጭረት ሳይነካው ወጣና አገር ለቆ ጠፋ፤ ዕዳው ዋሱ ላይ ወደቀ። በሬያቸው ተሸጠ። ሸጋ በሬው እየተጎተተ ከግቢው ሲወጣ በር ላይ ቆማ አይታለች። የዚያን ዓመት ማሳቸው የታረሰው ሰው ሁሉ አርሶ ከጨረሰ በኋላ፣ በልመና በሬ ነው። ያን ጊዜ ያለቀሰችው ለቅሶ እስከ ዛሬ አልወጣላትም።

ከዚያ ወዲያ ቤቱን የመራችው እሷ ናት። መሬታቸው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ተከሉ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሀል ጤፍ ዘሩ፣ በሁለተኛው ሣሩን አጭደው ሸጡ፣ ዛፉ ሲደርስ ቆርጠው ከሰል አከሰሉ። ከሰሉ ከአዲስ ቅዳም ከተማ በመኪና እየተጫነ ሲሄድ ዕዳውም አብሮ እየተጫነ ሄደ። ሸጋ ግን ዛፍን ብቻ አላመነችም። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ብላ ጓሮ ውስጥ ቀፎ ሰቀለች፣ ወንዝ ዳር የዘር ድንች አለማች፣ የአጥሩን ጥግ ቀርከሃ ተከለችበት።

የመጨረሻውን ዕዳ ከፍለው በሚኒባስ ሲመለሱ አበረ በደስታ መቀመጥ አቅቶት ነበር።

«በግ አርጄ ሰፈሩን እጠራለሁ» አለ።

«ምን ብለህ?»

«ከዕዳ ወጣሁ ብዬ ነዋ!»

«በል ጥራ። ነገ ፀጋው ከተደበቀበት ይመጣል። ከነገ ወዲያ የፀጋው አማት ትመጣለች። አንተ እሺ ትላለህ፤ እኔ ደግሞ ሌላ በሬ እሸኛለሁ።»

እውነቷን ነው፤ አበረ እምቢ ማለት አያውቅበትም።

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«ዕዳ አለብኝ በላቸው።»

«የማን?»

ሸጋ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። «የአቶ መሳፍንት» አለች። «የዳንግላው።»

አበረ ውሸት ስለሚከብደው ሥራውን አቀለለችለት። ገንዘብ የሚጠይቅ ሲመጣ ስሙን ጠርቶ በረጅሙ መተንፈስ ብቻ ነው። ደግሞም ሠራ። ፀጋው እውነትም መጥቶ ለሌላ ባጃጅ ዋስ ቢፈልግ፣ አበረ «አቶ መሳፍንት...» ብሎ ተነፈሰ፤ ፀጋው አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። የወርቅ ጥርሱን የጨመረለትም እሱ ነው። ጠላ ቤት ተቀምጦ፣ «እኔ በደንብ አውቀዋለሁ! ጥርሱ ወርቅ ነው። አንድ ቀን አግኝቼ ልክ ልኩን ነግሬዋለሁ» አለ። ሸጋ ይህን የሰማች ቀን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ሳቀች።

እንዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። ብር ተጠራቀመ። አዲስ ቅዳም መንገድ ዳር አያ እንግዳው የሚባሉ ሰው የሚሸጡት ቦታ ተገኘ፤ ወፍጮ ይተከልበታል። ሸጋ ወፍጮውን በሕልሟም በውኗም ትሰማው ጀመር። ከእንግዲህ ዛፉ ቢደርቅ፣ ንቡ ቢሸሽ፣ ሰው እህል ማስፈጨቱን አይተውም።

በዚያው ዓመት በብዙ ሰው ማሳ ላይ የዲከረንሱ ችግኝ በበሽታ ደረቀ። ጎረቤታቸው የምሥራች ባሏ የሞተባት፣ ከዚያች ችግኝ በቀር ሌላ ተስፋ ያልነበራት ሴት ናት። ለዘር ድንች የሚሆን ብር ልትበደር መጣች። አበረ ዓይኑን መሬት ተክሎ፣ «አቶ መሳፍንት...» አለ።

«ወይኔ! የእናንተ ይብሳል ለካ» አለች የምሥራች። በማግስቱ እንቁላል በመሀረብ ቋጥራ ተመለሰች። «ሸጣችሁ ለዚያ ጨካኝ ጨምሩበት። እኔስ ቢያንስ ደጄን የሚያንኳኳ የለም።»

አበረ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ሸጋ ግን እጅ መስጠት አልወደደችም። «ወፍጮው ይተከል ብቻ፣ እሷንም እንረዳለን» አለች። እንቁላሉን ለዶሮዋ አስታቀፈችው። በጫጩት ልትመልስ ነው።

የምሥራች ግን በእንቁላል አላበቃችም። ወደ አያ አድማሴ ሄዳ፣ «ይህ ደግ ሰው ሲያልቅ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?» አለች። አያ አድማሴ ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያልዳኙት ድንበር የለም። ሌሎች ሁለት ሽማግሎች አስከትለው ከነከዘራቸው ሸጋ ደጅ ከተፍ አሉ።

«ዳንግላ ሄደን አቶ መሳፍንትን ልንለምን ነው» አሉ። «ቀሪው ዕዳ ስንት ነው?»

«ሰማንያ ሺህ» አለች ሸጋ፤ ከየት እንዳመጣችው አታውቅም።

«ቤቱስ የት ነው?»

«ይቀያየራል።»

«ስልኩ?»

«ኔትወርክ አይዝም።»

«ዳንግላ ኔትወርክ የለም እንዴ?»

«እሱ ያለበት የለም» አለች። ይህች እንኳ እውነት ናት። «ደግሞ ሽማግሌ አይወድም፤ እርስዎን የመሰለ ትልቅ ሰው ያዋርድብኛል።»

«ልጄ፣ ሽማግሌ ለደግ ሰው ይላካል? ለክፉው አይደል እንዴ!» አሉና ሚኒባስ ሊይዙ ሄዱ።

አበረ ተከትሏቸው ሊሮጥ ተነሣ። «ልንገራቸው!»

«ምን ብለህ? እንቁላላችሁን በላን ብለህ?»

«አልበላነውም፤ አስታቅፈሽዋል።»

«በል እሱንም ንገራቸው!»

አበረ ተመልሶ ተቀመጠ። ሸጋ ግቢውን ስትዞር ዋለች። ሰውየውን ሲያጡት ምን ይባላል? «ሞቷል እንላለን» አለች።

«ከሞተ ለቅሶ ይሄዳሉ» አለ አበረ።

ይሄዳሉ፤ እውነቱን ነው። «እንግዲያው ባሕር ዳር ገብቷል» አለች። ባሕር ዳር ድረስ ተከትለው እንደማይሄዱ እርግጠኛ ነበረች። ማለትም በጣም እርግጠኛ አልነበረችም።

ሽማግሎቹ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ተመለሱ። ሸጋ ሐዘንተኛ ፊቷን አዘጋጅታ ወጣች።

«አጣችሁት አይደል?»

«ኧረ አገኘነው!» አሉ አያ አድማሴ።

ሸጋ ሐዘንተኛ ፊቷን ረሳችው። አበረ ደግሞ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ለአንድ አፍታ እሱም ሰውየው እውነት መሰለው።

«ምን የመሰለ ሰው! እናንተ ናችሁ ስሙን ያጠፋችሁት። ጥርሱ እንደተባለው ወርቅ ነው። የአበረን ስም ገና ስንጠራ እንባው መጣ። 'ስለ እናንተ ስል ግማሹን ምሬአለሁ' አለን።»

«እና... ግማሹስ?» አለች ሸጋ።

«ግማሹን ለእኛ እንድትሰጡ። 'ለእኔ አትላኩልኝ፤ ችግኙ ለደረቀበት ሰው የዘር ድንች ግዙበት። ሲያመርቱ ይመልሱ፣ ለሚቀጥለው ይዙር' ብሏል። አርባ ሺህ።»

«ማስረጃ ሰጥቷችኋል?» አለች ሸጋ፤ ድምጿ ቀጥኗል።

«እናንተ የተበደራችሁበትን ውል አምጪው፤ እኛ በሰው ፊት እንቀደዋለን።»

ሸጋ ውል ከየት ታምጣ! አያ አድማሴ የከዘራቸውን ጫፍ እያዩ፣ እንደ ተራ ወሬ ቀጠሉ።

«ስንመለስ አዲስ ቅዳም ላይ እንግዳውን አገኘነው። አበረ ቦታ ሊገዛኝ ነው፣ ነገ አርባ ሺህ ቀብድ ያመጣልኛል ቢለን ሳቅንበት። በዕዳ የተያዘ ሰው ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል? ሌላ አበረ ይሆናል አልነው።»

ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ። ሁሉንም እንዳወቁ ገባት። አንድ ቃል ካወጣች ራሷን ታጋልጣለች፤ ዝም ካለች ገንዘቡ ይሄዳል፣ ስሟ ግን ይተርፋል። ሽማግሎቹ በሩን ሁሉ ዘግተው የምታልፍበትን ያህል ትተውላታል። ተናደደች፤ ክፉኛ ተናደደች። ያ በሬ ሲጎተት ከነአካሄዱ ታያት። ያንን ሁሉ ዓመት ከሰል ስታራግፍ ማን ረዳት?

«እሺ» አለ አበረ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከአፉ ያልወጣች ቃል ናት። ብድግ ብሎ ሣጥኑ ወዳለበት ጓዳ ሄደ። ሸጋ «ተቀመጥ!» ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጀርባውን አየችው። የአቶ መሳፍንትን ስም ጠርቶ በተነፈሰ ቁጥር እየጎበጠ የሄደ ጀርባ፣ አሁን ቀጥ ብሏል። ይህን ሳታይ መኖሯ አሳፈራት።

«ቁልፉ እኔ ጋ ነው» አለች፤ ተከትላው ገባችና ራሷ ከፈተችው።

ቦታውን አያ እንግዳው ለሌላ ሰው ሸጡት። ወፍጮው ለከርሞ ሆነ፤ ከርሞም ቢሆን ድንቹና ማሩ ከበረከቱ ነው። ሸጋን ከዚህ ይልቅ ያንገበገባት ሌላ ነው። ለዝክር በተሰበሰቡበት ሁሉ፣ «እግዚአብሔር ለአቶ መሳፍንት ዕድሜ ይስጠው!» ይባላል። ሰው ሁሉ አሜን ይላል። እሷም በገዛ ገንዘቧ አሜን ትላለች። ፀጋው ደግሞ፣ «ደግ ሰው ነው ብያችሁ አልነበረም?» እያለ ይዞራል።

ድንች የሚተከልበት ሰሞን አንድ ጠዋት የምሥራች በሩ ላይ ቆማ ተገኘች። ትገባለች፣ ትመለሳለች።

«ምነው እንዲህ ትሽከረከሪያለሽ?» አለች ሸጋ።

«እንዲያው... ሁለት ዓመት ደጃችሁን መርገጥ ፈርተን ነበር እኮ። እኔም ያኔ ችግር ገፍቶኝ ነው የመጣሁት። እንኳን ልንበደር፣ ቡና እንኳ ብንጠጣ በዕዳችሁ ላይ ዕዳ የምንጨምር እየመሰለን። እነዚያ ሰዎች ይብቃቸው እንባባል ነበር።» ፈገግ አለች። «አሁን እግዜር ይመስገን ወጣችሁ። ዶማ ልታውሺኝ ትችያለሽ?»

ሸጋ የሰው ድምፅ በግቢያቸው ከቀረ ስንት ጊዜ እንደሆነው ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው። ጎረቤት የቀረው ዕዳቸውን ሸሽቶ ነው ብላ፣ እንኳን ቀረ ስትል ነበር። ለካ አዝኖላቸው ነው የቀረው። ከልማድ የተነሣ «አቶ መሳፍንት...» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።

ገብታ ዶማውን አመጣችላት። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞረችና ጫጩቶቹን በቅርጫት ይዛ ተመለሰች።

«ይኼስ?» አለች የምሥራች።

«የእንቁላልሽ ነው» አለች ሸጋ። «ዶማውን ግን ለቅዳሜ መልሺ፤ እኔም ድንች አለብኝ።»