የቡርሃን ጀርባ

ዶክተር አይመን እብጠቷን በሁለት ጣቱ ይዞ ወዲህ ወዲያ ሲያንሸራትታት፣ አሲያ ከአልጋው ማዶ አንገቷን አሰገገች። ከባሏ ትከሻ አጥንት ሥር ሎሚ የምታህል ነገር ጉብ ብላለች። ከአሥር ዓመት በላይ አብራው ስትኖር እብጠቷን ገና ዛሬ ማየቷ ነው።

ያገኘቻት ላይላ ናት፣ ሁለተኛዋ ሚስት። በተራዋ ሌሊት ጀርባውን በሰሊጥ ዘይት ስታሸው እጇ ላይ ገጠመቻት። አሲያ ማሸቱን ከተወች ቆይታለች። "በረመዳን ሽምብራ ታክል ነበር፤ ይኸው ሎሚ አከለች" እያለች ላይላ ከሼክ ዑስማን ሰፈር እስከ ክሊኒኩ ታክሲ ውስጥ ስታወራ፣ አሲያ መስኮት መስኮቱን እያየች ሰማቻት። በሩ ላይ፣ "አስታማሚ አንድ ብቻ" ሲባል ግን ቀድማ ገባች።

"መቼ ጀመረህ?" አለ ዶክተሩ። ድሬዳዋ ያደገ ነው፤ አንቱታ አያውቅም።

"ወላሂ ጀርባዬን የት አየዋለሁ?" አለ ቡርሃን በሆዱ እንደተኛ። "ላይላን ነው መጠየቅ፣ እሷ ናት..."

አሲያ አላስጨረሰችውም። "እኔ አውቃታለሁ፣ ዶክተር። ስንጋባም ነበረች።"

"ነግረሽኝ አታውቂም" አለ ቡርሃን።

"እንደ ሌላው ያየሁትን ሁሉ አላወራም።"

የዶክተሩ ፊት ፈታ አለ። "አልሐምዱሊላህ። ለስላሳ ናት፣ ለዓመታትም አልከፋችም። የስብ እጢ ናት፤ እዚሁ አደንዝዤ አወጣታለሁ። በወራት ያደገች ብትሆን ግን ቢላ አላስነካትም ነበር። መጀመሪያ ኤምአርአይ፣ ከዚያ ናሙና። ክፉው ዓይነት ከሆነ፣ በችኮላ ሲቆረጥ ሥሩ ይቀራል።"

ነርሷ ጀርባውን በአዮዲን ትቀባው ጀመር።

"ስቡን እንዳትጥለው" አለ ቡርሃን። "ለአሲያ ድስት ይሆናል።"

ዶክተሩ ሳቀ። ላይላ በኋላ ይህን ስትሰማ ፊቷ ሲቀየር ለአሲያ ታያት፤ ደስም አላት። ዶክተሩ ማደንዘዣውን በመርፌ እየሳበ ነው።

"ቆይ" አለችው።

"ምን ሆንሽ?"

ሳትመልስለት በሩን ከፈተች። ላይላ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ፣ ቡርሃን ሲገባ የሰጣትን ኮፍያ ጭኗ ላይ ይዛለች። ለእሷ ነው የሰጣት። አሲያ ኮፍያውን አይታ ጥርሷን ነከሰች።

"ነይ ግቢ" አለቻት፣ ቡርሃን ቢሰማም ድምፅዋን ሳትቀንስ። "መቼ እንዳየሻት ለዶክተሩ ንገሪው። እኔ እስከ ዛሬ አላየኋትም።"