ጀርባውን ለባሕር የሰጠ ሰው

«የሲረል ካሜራ ፊቱን ያዞረው ወደ የብስ ነበር። ባሕሩ ዳር ያለው አለት ላይ ያገኘሁት እኔው ነኝ፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ» አለ አልፎንስ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት። ሽማግሌው ጆሮው ከደከመ ቆይቷል። እሱ ሲያንሾካሹክ ማዶ ያለ ሰው ይሰማል።

«ታዲያ ቢዞርስ፣ አጎቴ አልፎንስ?» አለች የሟቹ ጎረቤት ሎሬታ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ለለቅሶ ደራሹ የዘቢብ ዳቦ እየቆረሰች።

«ሲረል ከባሕር በላይ ያለውን ሰማይ እንጂ ሌላ አንስቶ ያውቃል? ወደ መንደሩ ምን ኮከብ አለና ነው? ደግሞ እዚህ የተወለደ ሰው፣ ማዕበል እንዳይወስደው፣ ጀርባውን ለባሕር አይሰጥም። መወሰዱን ካልፈለገ በቀር።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ፊሎሚና የሻይ ስኒ የሞላ ትሪ ይዛ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ቆማ ነበር። ወደ ሳሎን ተመልሳ ትሪውን ከባሏ ከሲረል የሬሳ ሣጥን አጠገብ አስቀመጠችው። ሬሳው ከባሕር ከወጣ ጀምሮ ለራሷ እንኳ ልትለው የፈራችውን ነገር ሰው አፍ አውጥቶ ተናገረው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

እነሱ የማያውቁት ሌላም ነገር ነበራት።

ሲረል ሰማይ ሊያነሳ በወጣ ቁጥር መንደራችን መብራት ያጠፋል። ማን እንዳስጀመረው እንጃ፤ ብርሃን ፎቶውን ያበላሽበታል ተብሎ ነው። «ንጉሡ ወጡ፣ አጥፉ!» እየተባለ ይቀለዳል፤ ግን ይጠፋል። መጀመሪያ የምታጠፋው ፊሎሚና ነበረች። ካጠፋች በኋላ በጨለማው ወጥ ቤት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ እስኪመለስ ወደ አለቱ ታፈጣለች። ወላጅ አባቷን የወሰደው ያው ባሕር ነው። አንድም ቀን ሳትፈራ ሸኝታው አታውቅም።

የመጨረሻው ቀን ማታ ግን ጃኬቱን ለብሶ በር ላይ ሲደርስ ዘወር አለ።

«ፊሎ፣ ዛሬ የጠረጴዛዋን መብራት አታጥፊያት።»

«ምነው? ያበላሽብሃል አይደል?»

«ዛሬ አያበላሽም» ብሎ ግንባሯን ስሟት ወጣ።

ግንባር መሳም የሲረል ነገር አልነበረም። መኸር ላይ ጀልባውን ከሸጠ ወዲህ ደግሞ ቃል ከአፉ የሚወጣው በመከራ ነበር። አሁን ያንን ስሞሽ በሐሳቧ ስታገላብጠው ስንብት እየሆነ ይመጣባታል። መብራት የማያበላሽበት፣ ጨለማም የማያስፈልገው ምን ዓይነት ሰው ነው? ፎቶ የማያነሳ ሰው ነው። 

ልጇ ጄራርድ ካሜራውን ይዞ ገባ። «እማዬ፣ ባትሪው ሞልቷል። ልከፍተው ነው።»

«አትክፈተው።»

«ለምን?»

«ነገ ይቀበር። ከዚያ የፈለግኸውን አድርገው።»

«የሚያወሩትን ሰምቻለሁ።»

«እኔም ሰምቻለሁ። እውነት ቢሆንስ? ባዶ ቢሆንስ ልጄ? ምን ሆኜ ልቀብረው ነው?» እጁን ያዘችው። 

አልፎንስ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ ትሪው ከወጥ ቤቱ በር ወደ ሳሎን መመለሱን ዘግይቶ አይቶ ነው የመጣው። «ሰምተሽኛል መሰል» አለ። «አሮጌ አፍ ነው፣ ይቅር በይኝ።»

«እውነቱን ነው የተናገርከው?»

ሽማግሌው ዓይኑን ወደ ባርኔጣው መለሰ። ይህ ከወሬው ይልቅ አስፈራት። «ክፈተው» አለችው ለልጇ፣ ዓይኗን ጨፍና።

ካሜራው ድምፅ ሰጠ። ጄራርድ ስክሪኑን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ቤታችን ነው» አለ።

ዓይኗን ገለጠች። መንደሩ ሁሉ ጨለማ ነው፤ ከኮረብታው ግርጌ አንዲት ቢጫ መስኮት ብቻ በርታለች። ከጣራቸው በላይ ኮከቡ እንደተደፋ ዱቄት ነጭ ሆኖ ፈሷል። ጄራርድ ምስሉን አጎላው። መስኮቷ ሰፋች፤ መስኮቷ ውስጥ አገጯን በእጇ ደግፋ ወደ ውጭ የምታይ ሴት ተቀምጣለች።

ሲረል በሞተበት ሳምንት በራት ላይ ወርፋው ነበር። «ሺህ የሰማይ ፎቶ አለህ፤ የሚስትህ አንድ የለህም።» እሱም፣ «የጨለማ ፎቶ ሃያ ሰከንድ ይፈጃል፤ የተንቀሳቀሰ ሰው ጭስ ሆኖ ነው የሚወጣው። አንቺ ደግሞ ሃያ ሰከንድ ዝም ብለሽ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ አስቋት ነበር።

ጭስ አልሆነችም። ፍርሃት ቀጥ አድርጎ አስቀምጧት ነበር።

አልፎንስ ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። «ካሜራው ወደ ቤት ከዞረ፣ እሱ የቆመው ከኋላው ነው። ከኋላው ደግሞ ባሕሩ ነው። አንቺን ሊያነሳ ብሎ ነው ጀርባውን የሰጠው፣ የኔ ልጅ። እኔ ደንቆሮ።»

ያኛው ፍርሃት ወጣላት፤ በእግሩ ሌላ ገባባት። እኔ ነኝ የላክሁት ማለት ነው? ባልተናገርሁ ኖሮ?

«ከዚህ በኋላ ሌላ ፎቶ አለ?»

«የለም።»

«እሱ አይቶታል?»

ጄራርድ አያውቅም ነበር። «ሲነሳ እዚሁ ላይ ወዲያው ይታያል» አለ። «አይቶታል፣ እማዬ።»

ሲመሻሽ ለቅሶ ደራሹ መሄድ ጀመረ። ፊሎሚና ወጥ ቤት ገብታ ሬሳው ከመጣ ጀምሮ የተዘጋውን መጋረጃ ሳበችው።

«አክስቴ፣ ሬሳ ባለበት ቤት መጋረጃ አይከፈትም እኮ» አለች ሎሬታ በቀስታ።

«አውቃለሁ።»

የጠረጴዛዋን መብራት አብርታ፣ አገጯን በእጇ ደግፋ፣ ፊቷን ወደ አለቱ አድርጋ ተቀመጠች። እንባዋ በጣቶቿ መሃል ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ። እንዳትንቀሳቀስ ብላ አልጠረገችውም።